ደረቁ ወይራ

እንግዳ ተቀባይ ፈገግታ እንጂ ቁጣ አያምርባትም ይባላል። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? እናቴ «አንቺን የወለድኩ ዕለት በርበሬ ስቀነጥስ ነው የዋልኩት» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ይሆናል። በደርግ ጊዜ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ላሊበላ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ እሠራ ነበር። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ በዚሁ በአፌ ምክንያት ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። አንደኛው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ኃላፊ ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ሲጮህብኝ «ቶሎ ቢጠጡት ኖሮ ትኩስ ነበር» ስላልኩት ነው። ሁለተኛውን ባልናገረው ይሻላል። ሦስተኛ ከተጻፈብኝ ከሥራ መሰናበት ነው። የእናቴም የሁለት እኅቶቼም ጉሮሮ በእኔ ደመወዝ ላይ ስለነበር ያቺ ሦስተኛ ወረቀት በሕልሜ ሳይቀር ትመጣብኝ ነበር።

በዚያ ዘመን የውጭ አገር እንግዳ ብርቅ ነው። የሚመጣውም የይለፍ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ይሳለማል፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን በአውሮፕላን ይመለሳል። ከእነሱ መካከል አልፎ አልፎ ወፍ ለማየት ብቻ የሚመጡ ጉደኞች ነበሩ። መጀመሪያ ያገኘኋት ሴትዮ ለቤተ ጊዮርጊስ ጀርባዋን ሰጥታ ከአፋፉ ላይ ያረፈች ወፍ ስታይ ነበር። «ይህች በእናንተ አገር ማን ትባላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «ርግብ» አልኳት። ሌላ አሳየችኝ። «ወፍ» አልኳት። ሦስተኛዋንም «ወፍ» ስላት ሴትዮዋ በጨዋነት ፈገግ ብላ ፊቷን ወደ ወፏ መለሰች። ተወልጄ ባደግሁበት አገር የወፍ ስም አለማወቄ አሳፈረኝ። እኔ ደግሞ ሳፍር እናደዳለሁ፣ ስናደድ ሥራ እፈልጋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሆቴሉ እንቁላልም፣ ማርም፣ ማገዶም የሚያመጣውን ገበሬ ሁሉ «እናንተ ዘንድ ምን ወፍ አለ?» እያልኩ መጠየቅ ያዝኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ገበሬ ወፍን የሚያውቃት በሌብነቷ ነው፤ ገብሱንና ጤፉን ከእሷ ሲጠብቅ ነው ያደገው። ታዲያ ሌባን ከተሰረቀው ሰው የበለጠ ማን ያውቀዋል? ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ፉክክር ሆነ። አንዲት ደብተር አበጀሁና ባለወፎቹን መመዝገብ ጀመርኩ። በአሸተን መውጫ ያሉ አንድ ገበሬ አጥንት ከሰማይ እየለቀቀ የሚሰብር አሞራ ነበራቸው፤ አጥንቱን የሚለቅበትን ቋጥኝ ሳይቀር ያውቁታል። በገነተ ማርያም መንገድ ያሉ አንዲት እናት ደግሞ ጉጉት ነበረቻቸው። እሳቸው ጉጉቷን አምነው ለመናገር አንድ ወር ፈጅቶባቸዋል፤ ጉጉት የጮኸችበት ቤት በጎ አይነገርለትማ። ሁለት ፈረንጆች ደጃቸው ቁጭ ብለው ጉጉቷን አይተው፣ እጃቸውን ስመው ከሄዱ በኋላ ግን «የኔዋ ደኅና ናት ወይ ብለሽ አትጠይቂም?» ማለት ጀመሩ።

ወፍ አሳይቶ ሳንቲም የተቀበለ አንድም ሰው አልነበረም። እንዲያውም ዳቦና ጠላ የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። የእኔ ድርሻ እንግዳው የሚፈልጋትን ወፍ ከደብተሬ ፈልጌ፣ ባለወፉን አስጠርቼ ሁለቱን ማገናኘት ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለሌላው ሥራዬ ነበር፤ የምወደው ግን ይሄኛውን ነው።

አንድ ሰኞ፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መጣ። ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ ነው፤ ታጣፊ በርጩማ በጀርባው አዝሎ ይዞራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አገራችንን ሲያካልል ካሰባቸው ወፎች አንዲት ብቻ አምልጣዋለች፤ ግንደ ቆርቁር፣ ያቺ ግንድ በአፏ እየደበደበች ትል የምታወጣዋ። ግንደ ቆርቁር በየአገሩ ሞልቷል፤ እሱ የሚፈልጋት ዓይነት ግን ከእኛ አገር ሌላ የትም የለችም አለኝ። ለዚህ ጉዞ ስምንት ዓመት ሲያጠራቅም ኖሯል። «ሁለተኛ አልመጣም። ጉልበቴም ገንዘቤም እስከዚህ ድረስ ነው» አለኝ። የሚመለስበት አውሮፕላን ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው።

በዚያው ዕለት ማር የሚያመጡልን ሽማግሌ መጡ። ቤታቸው ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወዲህ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ቦታ ነው። የፈረንጁን የወፍ መጽሐፍ ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ሥዕሉን ግን በአውራ ጣታቸው እየገለጡ «ይሄ ሌባ ነው፤ ይሄም ሌባ ነው፤ ይሄኛው የሌቦች አለቃ ነው» እያሉ ሄደው ሄደው አንድ ገጽ ላይ ቆሙ።

«ይቺ የኔ ናት» አሉ።

ደጃቸው ላይ ከአባታቸው ጀምሮ የቆመ ወይራ ነበር። ከደረቀ ብዙ ዓመቱ ነው፣ ሆዱም በምስጥ ተበልቷል። ግንደ ቆርቁሯ በየጠዋቱ ትመጣበታለች። «ንገሪው ልጄ፤ ሐሙስ በማለዳ ይምጣ። አሳየዋለሁ፤ ቃሌ ነው» አሉኝ። ይህን ስነግረው ፈረንጁ ኮፍያውን አወለቀና ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳቸው። እሳቸውም ብድግ ብለው እጅ ነሱት።

እንግዳ ይዞ ገጠር ለመውጣት ግን የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ማስፈቀድ ግድ ነው። ሊቀመንበሩ የሚፈራው እንግዳውን ሳይሆን መነጽሩን ነው። የሩቁን የሚያቀርበው መነጽር በእኛ አገር የጦር ሜዳ መነጽር ነው የሚባለው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ የሚባል ዕቃ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ከገደል ገደል መዞር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ማክሰኞ ለስብሰባ ከተማ ሲመጣ ጠብቄ ያዝኩት።

«ጓድ፣ ሰውዬው ወፍ ብቻ ነው የሚያየው» አልኩት።

«ወፍ ለማየት ከባሕር ማዶ?»

«እህስ፣ ቁንጫ ለማየት ይምጣ?» ልል ስል ሦስተኛዋ ወረቀት ትዝ አለችኝና አፌን ያዝኩ። «ዋሱ ማን ነው?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። እዚያው ፈረምኩ። ሰውዬው በሰላም ሄዶ፣ ያሰበውን አይቶ፣ ደስ ብሎት ከተመለሰ መልካም፤ ችግር ከተፈጠረ ወይም ቅሬታ ካሰማ ግን ለሆቴሉ ይጻፋል፣ ደብተሬንም ሊቀመንበሩ ይወስዳታል። ስለዚህ የእኔም እንጀራ የፈረንጁም የስምንት ዓመት ጉዞ በአንዲት ወፍ ላይ ተንጠለጠለ። ሊቀመንበሩ ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ «ለማኅበሩ ደግሞ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ በቃል አይሆንም» አለኝ።

ደብዳቤ ለእኔ ምን አላት? ከፋይሉ አንድ የቆየ ደብዳቤ አወጣሁ፤ ከክፍለ ሀገር ኃላፊ ሲመጣ የምንጽፈውን። ቀኑንና ቦታውን ለወጥኩና በታይፕ መትቼ፣ ፈርሜ፣ ያንኑ ዕለት ለሊቀመንበሩ አስያዝኩት። እንግዶች እያነጋገርኩ ስለነበር መልሼ እንኳ አላነበብኩትም።

ሐሙስ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፈረንጁና እኔ ተነሣን። መንገድ ላይ ሰውዬው እንደ ልጅ ነው የሆነው፤ ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ ፈገግ ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ ያለ ወትሮዬ ስለ እናቴ፣ ስለ እኅቶቼ ስቀባጥር ሄድኩ። ፀሐይ ብቅ ስትል መንደሩ ጥግ ደረስን። ከሩቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ ነጭ ነገር ይታየኛል። ስንቀርብ ድንጋይ ነው። የመንደሩ ድንጋይ በሙሉ ኖራ ተቀብቶ ተደርድሯል። ኖራውን ከየት እንዳገኙት ዛሬም አላውቅም። ከድንጋዩ ጀርባ ደግሞ ሰው፤ ወንዱም ሴቱም የክት ልብሱን ለብሶ ተሰልፏል። ሊቀመንበሩ እጁን ሲያነሣ ጭብጨባው ቀለጠ። በአካባቢው የነበረ ወፍ ሁሉ ብር ብሎ ጠፋ።

ፈረንጁም ማጨብጨብ ጀመረ። ለማን እንደሚጨበጨብ ስላልገባው ወደ ኋላው እየዞረ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ። እኔ ንግግሩን ልተረጉም ይገባኝ ነበር፤ ዓይኔ ግን ደረቁን ወይራ ይፈልጋል። የሽማግሌውን ደጅ አየሁ፤ ባዶ ነው። ተጠርጓል፣ ውኃ ተርከፍክፎበታል። ወይራው የነበረበት ቦታ ላይ የቀረው ጉቶ ብቻ ነው፤ እሱም ኖራ ተቀብቷል።

ደሜ ፈላ። ሽማግሌው ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው ከሰልፉ ራስ ላይ ቆመዋል። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋቸውም።

«አባቴ፣ ዛፉስ?»

«ቆረጥነው፣ ልጄ።»

«ማን ቁረጡ አለዎት? ሰው ቃል ሰጥቶ ሲያበቃ የቃሉን ግንድ በመጥረቢያ ይጥላል? ይህ ሰው ስምንት ዓመት…» ሌላም ብዙ ተናገርኩ። አገሬው ሁሉ እየሰማ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰውዬ ላይ ጮህኩ። አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

እሳቸው እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ሰደዱና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «አንቺ ነሻ» አሉ ቀስ ብለው። «ዲያቆኑ ሁለት ጊዜ አነበበልን።»

የእኔው ደብዳቤ ነው። ገለጥኩት። «ክቡር እንግዳ ስለሚመጣ አካባቢው ጸድቶ፣ ለዕይታ የማይመቹ ነገሮች ሁሉ ተወግደው፣ አስፈላጊው ዝግጅት ተደርጎ እንዲጠብቅ እናሳስባለን» ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ።

«ሊቀመንበሩ መንደሩን ዞሮ አየና ለዓይን የማይመች ይሄ ደረቅ እንጨት ነው አለ። እኔማ ወፏስ ብዬ ነበር። ግን ደብዳቤው የማን ነው ብዬ ስጠይቅ ያንቺ ነው አሉኝ። እሷ ካለች ታውቃለች አልኩና መጀመሪያውን ምሳር ያሳረፍኩት እኔው ነኝ» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ካለች ታውቃለች ማለታቸው አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ ቁጣ የት ላግባው? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ለፈረንጁ መንገር ደግሞ አለ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ዛፉ እሱን ለማክበር ተብሎ እንደተቆረጠ ሳልደብቅ ነገርኩት። ጉቶውን ዳሰሰ፤ ጣቱ በኖራ ነጣ። ወደ ሽማግሌው ዞሮ «አመሰግናለሁ በያቸው» አለኝ። ከዚያ በርጩማውን ዘርግቶ ከጉቶው አጠገብ ተቀመጠና ወደ ገደሉ ማየት ጀመረ። አውሮፕላኑን ለመያዝ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ከመንደሩ መውጣት ነበረብን። ጊዜው አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ተደስቷል?» አለኝ። «ይጠብቁ ጓድ» አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

የሽማግሌው ባለቤት ግን ይህን ሁሉ አልሰሙም፣ ቢሰሙም ግድ የላቸውም። «እንግዳ እንደ ለማኝ ደጅ ላይ ያስቀምጣሉ እንዴ?» ብለው ባላቸውን ተቆጡና ሁላችንንም ወደ ቤት አስገቡን። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ማር ቀረበ። ፈረንጁ የቀረበለትን በጨዋነት ይበላል፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሽማግሌው ምንም አልቀመሱም፤ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ሊቀመንበሩ ብቻ ስለ ማኅበሩ የእርከን ሥራ ይተርካል።

ከቤቱ ጀርባ ቁ፣ ቁ፣ ቁ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይባስ ብለው አሁን ደግሞ እንጨት ይፈልጣሉ አልኩ በሆዴ። ጉቶውን ብቻ ሳይሆን ፍልጡንም ሊያሳዩን ነው እንዴ? ተነሥቼ ባለቤቲቱን ልናገር ስል፣ ሴትዮዋ ማር የያዘ ጣባ ይዘው ፊት ለፊቴ ቆመዋል። ታዲያ ማን ነው የሚፈልጠው?

ሽማግሌው ቀና አሉ። መዳፋቸውን ወደ ሊቀመንበሩ ዘረጉና «ዝም በል» አሉት። በዚያ ዘመን ሊቀመንበርን ዝም በል የሚል ሰው አልነበረም፤ እሱም ከድንጋጤው የተነሣ ዝም አለ። የፈረንጁ ዳቦ በአየር ላይ ቀረ።

አንድ በአንድ፣ እንደ ሌባ አጎንብሰን በጓሮ በር ወጣን። የተቆረጠው ወይራ ሳይፈለጥ ከነቅርንጫፉ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በጥር ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና ለድግሱ ማገዶ እንዲሆን እዚያ አስጎትተውት ነበር። እዚያ ላይ፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ግንደ ቆርቁሯ ተለጥፋለች። ጀርባዋ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፣ ማጅራቷ ቀይ። እኛንም፣ ኖራውንም፣ ሰልፉንም ከቁም ነገር አልቆጠረችን። ትሉ ያለበትን እንጨቷን ፈልጋ መጥታ ሥራዋን ትሠራለች።

ፈረንጁ መነጽሩን አላነሣም፤ ምን ያደርግለታል? በሁለት እጁ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ሊቀመንበሩ በጆሮዬ «ምን እያለ ነው?» አለኝ። «ምንም አላለም፣ ጓድ።» «ተደስቷል ብለን መጻፍ እንችላለን?» «ይቻላል» አልኩት። እኔም እያለቀስኩ ነበር።

ወፏ ጠግባ ስትበር ሽማግሌው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ይህን ግንድ እንዳትነኪብኝ።»

«ሠርጉስ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ሠርጉ በባሕር ዛፍ ይደገሳል።» ግንዱን ዳሰስ አድርገው ደግሞ፣ «እኔ ለአንድ እንግዳ ብዬ ቆረጥኩት፤ እሷም እንግዳዬ እንደነበረች አላሰብኩም» አሉ። ከዚያ ዶማ ጠየቁ።

እነዚያው ዛፉን የጣሉት ጎረምሶች ጉድጓድ መማስ ጀመሩ። ደረቅ እንጨት ሲተከል አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «ውኃ አጠጡት እንጂ» ትላለች አንዷ። «ፍግም ያስፈልገዋል» ትላለች ሌላዋ። ፈረንጁ ካፖርቱን አውልቆ አፈር መለሰ። ሊቀመንበሩም መጨረሻ ላይ ድንጋይ አምጥቶ በእግሩ ጠቀጠቀ፤ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ነበር። ግንዱ ትንሽ ጠመም ቢልም ቆመ።

ልንሄድ ስንል ጉልበታቸውን ስሜ «ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። «ይቅር ለእግዜር» አሉና ራሴን ዳሰስ አደረጉኝ። «ለወደፊቱ ከመቆጣትሽ በፊት የጻፍሽውን አንብቢ።» ፈረንጁ ምን ልላክልዎ ብሎ ሲያስጠይቃቸው ደግሞ እኔን እያዩ፣ «ምንም አልፈልግ፤ ደብዳቤ ብቻ እንዳይጽፉልኝ» አሉ። ለአውሮፕላኑ በሩጫ ደረስን።

ሦስተኛዋ ማስጠንቀቂያ አልመጣችም። ከሊቀመንበሩ ለሆቴሉ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰ፤ ሳነበው የእኔኑ ደብዳቤ ገልብጦ፣ ቀኑን ለውጦ፣ ከሥሩ «እናመሰግናለን» ብቻ ጨምሮበት ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ወፍ ወዳዶች መጥተው ያንን ጠማማ ግንድ አይተዋል። ልጅቱም በባሕር ዛፍ ማገዶ ተዳረች፤ የድግሱ ወጥ ጭስ ጭስ ይል ነበር፣ እኔም በልቻለሁ።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ስለ እሱ እዚህ ብዙ አልናገርም። እንግዳ ቀረ፣ ደብተሬም መሳቢያ ውስጥ ገባች። በዚያ ክፉ ቀን ሰው የቤቱን ማገር፣ በሩን ሳይቀር ነቅሎ ለማገዶ ሸጧል። ዝናብ በተመለሰበት ዓመት ትንሽ ዱቄት አሸክሜ ወደ ሽማግሌው መንደር ወረድኩ። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ቀፎዎቹ ባዶ ናቸው፣ የቤቱ በሮችም የሉም፤ የጎተራው ቦታ ሜዳ ሆኗል። ደረቁ ወይራ ግን እንደ ጠመመ ቆሟል። ከመሐሉ ከፍ ብሎ፣ ድሮ ያልነበረ፣ ጡጫ የሚያህል ክብ ቀዳዳ አየሁ።

«ምነው ይህን ሳይሸጡት?» አልኳቸው።

«የበሰበሰ እንጨት ማን ይገዛኛል ብለሽ ነው?» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ማዶ አድርገው። ወይራ ምን ያህል እንደሚያወጣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ዱቄቱን ለባለቤታቸው ሰጠሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከቦርሳዬ ያቺን አሮጌ ደብተር አውጥቼ የእሳቸውን ገጽ ፈለግሁ።

«ወፍዎ አሁንም አለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አለች» አሉኝ። «ልጆችም ፈልፍላለች፤ እነሱንም ጻፊያቸው።»